ያላየሁት አሥራ ዘጠኝ ቀን

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ምሳ ጋበዘኝና አንድ የመስታወት ሽልማት ሰጠኝ። ላዩ ላይ የተቀረጸው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «ለሰይድ፦ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም የልኬት ንባብ ላላጎደለ» ይላል። ሰዉ አጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ። ልጄ ኢክራም አጠገቤ ነበረች። መስታወቱን ከእጄ ተቀብላ አነበበችና፣ «ባባ፣ ዳትስ አሜዚንግ!» አለችኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከነፋስ ልኬት ቀጥሎ በዚያ ቤት በደንብ የተማርኩት ሙያ ፈገግ ማለት ነው።

ቤት ስደርስ መስታወቱን ክሎዜት ውስጥ ከካፖርቶቹ ኋላ ወሸቅሁት። ባለቤቴ ዘይነባ እያየችኝ ነበር። ምክንያቱን ታውቃለች። ኢክራም አታውቅም። ተወልዳ ያደገችው ሚኒሶታ ስለሆነ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም፤ እንግዲህ ይህን በአማርኛ መጻፍ የደፈርኩትም ለዚህ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ሳስብ እንኳ መጀመሪያ መደበቂያ ነው የምፈልገው።

ሥራዬ ነፋስ መለካት ነበር። ሌክ ስትሪት ላይ ሱቅ ያለው የአገሬ ልጅ ሐሰን ባየኝ ቁጥር፣ «ሰይዶ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ነፋስ መዘንክ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ የነፋስ ተርባይን ከመተከሉ በፊት አንድ ሰው እዚያ ሄዶ ረዥም ቀጭን የብረት ምሰሶ ማቆም፣ ጫፉ ላይ መለኪያ ማሰር፣ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ነፋሱን መመዝገብ አለበት። ያ ሰው ከዋሸ ከእሱ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ውሸት ነው። ይህን ያስተማረኝ ኧርል የሚባል ሽማግሌ ነው።

ኧርል ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ሌላ አስተማሪ ነበረኝ። አገር ቤት፣ ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የአየር ጠባይ ጣቢያ ታዛቢ ነበርኩ። በየሦስት ሰዓቱ ሙቀቱን፣ ዝናቡንና ነፋሱን መዝግቦ በወሩ መጨረሻ ቅጹን ወደ በላይ አካል መላክ ነው። ቅጹ ላይ ባዶ ሳጥን ከተገኘ «ለምን ባዶ ሆነ?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ተሳስተህ ብትጽፍ ግን የሚጠይቅህ የለም። አለቃችን በመጀመሪያው ሳምንት ጠርተውኝ፣ «ስማ ልጄ፣ ባዶ ከምትልክ በፊቱና በኋላው ያለውን አይተህ በመሃሉ ሙላው፤ ሰማይ አይከስህም» አሉኝ። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ዝናብ ሲበረታ ከመስኮት ሆነን ነው የምናነበው፤ መስኮቱም ሲጨልምብን በግምት እንሞላለን። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁና ባዶ ሳጥን ሳይ እጄ የሚያሳክከኝ ሰው ሆንኩ።

በሱዳን በኩል አድርጌ ሚኒያፖሊስ ገባሁ። መጀመሪያ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ቆየሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አንድ ፕሊማውዝ ያለ ትንሽ ድርጅት የአየር ጠባይ ነገር የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ቢሮው ካርቶን ከሚሠራ ፋብሪካ ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሙጫ ሽታ አለ። ባለቤቱ ክሬግ ይባላል። ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ፣ በስልክ ሲያወራ የሚቆም ሰው ነው። «ተራራ መውጣት ትችላለህ?» አለኝ። «የተወለድኩት ወሎ ነው» አልኩት። ወሎ የት እንዳለ አያውቅም፤ ግን ቀጠረኝ። ክፍያው ከፓርኪንጉ ትንሽ ይሻላል፣ ኢንሹራንስም ነበረው።

ኧርልን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ያኔ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ረዥም፣ ትንሽ የሚያነክስ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሃያ ቃል የማይናገር ሰው ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ ቢኖረው አንቱ እለው ነበር። እዚህ አንተ ብዬ የምጽፈው ስለለመድኩት እንጂ ስለናቅሁት አይደለም፤ የናቅሁት በሌላ መንገድ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ሥራችን በአብዛኛው ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ እየነዳን ነበር፤ ሞንታና ያሉት ተራሮች ለመድረስ ሁለት ቀን። ሜዳ ላይ ነፋስ ጨዋ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ይመጣል፣ በዚያው ይሄዳል። ተራራ ላይ ግን ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ሌላ ነፋስ ነው። ገደሉን ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይፈጥናል፣ ከጀርባው ይጠማዘዛል፣ አንዳንዴም ወደ መጣበት ይመለሳል። ኧርል እንደደረስን የመሣሪያ ሳጥን አያስከፍተኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቀመጥና የተቀቀለ እንቁላሉን በጨው ይበላል። እኔ በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ «እንጀምር እንጂ» ስለው፣ «ነፋሱ ከእኛ በፊት ነው የመጣው፤ መጀመሪያ እሱ ይናገር» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ዛፎቹን ያያል። ቅርንጫፋቸው በአንድ ጎን ብቻ የቀረ ዛፎች ካሉ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚበረታ ያሳያሉ። ቀጥሎ ከመኪናው በገመድ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ የልጆች መጫወቻ ካይት ያወጣል። ገመዱ ላይ በየክንዱ ቀይ ጥብጣብ አስሮበታል። ካይቱን ይለቅና ጥብጣቦቹን ያያል፤ ወደ ጎን ከተዘረጉ ደህና ነው፣ ወደ ላይ ካዘነበሉ ነፋሱ ገደሉን እየወጣ ነው፣ መለኪያውም እዚያ ቦታ ላይ ያታልላል ማለት ነው። ቦታው ሲመረጥ መሬት ላይ ያስተኛነውን ምሰሶ በዊንች እየሳብን እናቆመዋለን፤ በአራት በኩል በሽቦ ይወጠራል። ኧርል እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ መታ እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ካልጣመው እንደገና ያስፈታኛል። አንድ ቀን አራት ጊዜ አስፈትቶኛል፤ በሆዴ በወሎኛ ሰደብኩት።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቅለት ደብተሩን ነው። ብዕር በብርድ ይደርቃል ብሎ በእርሳስ ነው የሚጽፍበት፤ እርሳሱን በሲባጎ ከደብተሩ ጋር አስሮታል። አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ቁጥር፣ ምን ታየ፣ ማን አየ። «ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም፣ ምስክር ያስፈልገዋል» ይል ነበር። መለኪያው ተበላሽቶ ያልተመዘገበ ቀን ካለ ባዶውን ይተወዋል። አንድ ጊዜ አንድ ባዶ ሳጥን በግምት ልሞላለት ስሞክር እርሳሱን ከእጄ ወሰደና፣ «ባዶም መረጃ ነው» አለኝ። እኔም የሰውየው ነገር እድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ የከብት አርቢዎች ማኅበር ሞንታና ውስጥ ባለው ተራራው ላይ ተርባይን ሊተክል ፈለገና ልኬቱን ለእኛ ሰጠን። ሰዎቹ ቸኩለው ነበር። ኧርል ሁለት ዓመት ይለካ ሲል ክሬግ አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ ተፈራረመ። በመስከረም ምሰሶውን አቆምን። የሚመዘግበው ሣጥን መረጃውን ትንሽ ቺፕ ላይ ይጽፋል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሰው ወጥቶ ቺፑን መቀየርና መለኪያው ደህና መዞሩን በዓይኑ ማየት አለበት። ሪፖርቱ ላይ የሳይቱ ኃላፊ ኧርል ነው።

በጥር ኧርል የዳሌ ኦፕሬሽን ተደርጎለት ሴንት ፖል ሆስፒታል ተኛ። ጠይቄው ስወጣ፣ «ብቻህን ነህ። ዐይንህ እስኪያይ ድረስ ውጣ» አለኝ። «እሺ» አልኩ።

ረመዳን ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለት ቀን ነድቼ ተራራው ሥር ስደርስ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል። ጫፉ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። በበረዶ ጫማ ከተሄደ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ጫማው መኪናው ውስጥ ነበር። እኔ ፆመኛ ነኝ። እግሬን አውጥቼ ቆምኩ፣ ነፋሱ ፊቴን ገረፈኝ፣ ተመልሼ መኪና ውስጥ ገባሁ። ለብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ፆሙን ነው። ውሸት ነው። መንገደኛ እንዲያፈጥር እንደተፈቀደለት፣ የበላበትን ቀን በኋላ እንደሚከፍል ልጅ ሆኜ የተማርኩት ነገር ነው። እውነቱ ፈራሁ፣ ሰነፍኩ፣ ለዒድ ሪችፊልድ ቤቴ ለመድረስም ቸኮልኩ። ኢክራም አራት ዓመቷ ነበር፤ አዲስ ቀሚስ ገዝተንላት ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ ሳልቆይ መኪናዬን አዞርኩ። በጉዞው ቅጽ ላይ «ወጣሁ፤ መለኪያው ይዞራል፤ በረዶ የለውም፤ ቺፑ ገና ስላልሞላ አልቀየርኩትም» ብዬ ጻፍኩ። ዒዱ በጣም ደስ የሚል ዒድ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገዱ ተከፍቶ ወጣሁና ቺፑን አመጣሁ። ፕሊማውዝ ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ያየሁት ይህን ነው፦ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዜሮ። የፍጥነቱ መለኪያ አይዞርም፣ የአቅጣጫው ቀስት አንድ ቦታ ላይ ደርቋል። በረዶ ጋግሮባቸው ነበር። «በረዶ የለውም» ብዬ የጻፍኩበት ቀን በመሃላቸው አለ። ዜሮዎቹን ብተዋቸው አለመውጣቴ ሊታወቅ ነው። እጄ አሳከከኝ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ነፋሻ ሳምንታት ኮፒ አደረግሁ፣ እዚያ ላይ ፔስት አደረግሁ፣ እንዳይታወቅም እዚህም እዚያም ትንሽ ነካካሁት። ክሬግ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «የጎደለ አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩ። «ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ።

ኧርል በከዘራ ወደ ሥራ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው ደብተሩን ማውጣት ነበር። የእነዚያን ሳምንታት ገጽ ገልጦ ደብተሩንና እርሳሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ያንተን ቀናት አንተ ጻፍ። እኔ ያላየሁትን አልጽፍም» አለኝ። «ነገ» አልኩት። በማግስቱም «ነገ» አልኩት። ለማሽን መዋሸት ቀላል ነው፤ በዚያ እርሳስ፣ እሱ ፊት፣ «ማን አየ» በሚለው ዓምድ ውስጥ «ሰይድ» ብሎ መጻፍ ግን አቃተኝ። ከዚያ አልጠየቀኝም። ደብተሩን ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ተርባይኖቹ ተተከሉ። በመጀመሪያው ዊንተር ደመናው ተራራው ላይ ተቀመጠና ክንፎቻቸው በረዶ ጋግረው ቀጥ አሉ። ሳምንታት ሙሉ ቆሙ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የበር ያህል የሚያክል በረዶ እየተላቀቀ አርቢዎቹ ከብት የሚነዱበት መንገድ ላይ ይወድቅ ጀመር። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። እነዚያ ዜሮዎች ብልሽት አልነበሩም። ተራራው «እኔ እዚህ በረዶ እጋግራለሁ» ብሎ በግልጽ ነግሮን ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ የነገረንም በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ብቻ ነው። እኔ ደለዝኩት። ኧርል አይቷቸው ቢሆን ኖሮ አንድ ተርባይን እንኳ አያስተክልም ነበር።

ማኅበሩ ከባድ ደብዳቤ ጻፈ። ክሬግ ስብሰባ ጠራ፤ እሱ፣ ኧርል፣ እኔ። የካርቶኑ ፋብሪካ ሙጫ ይሸታል። ክሬግ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ኧርል፣ ሳይቱ ያንተ ነው፤ ስምህ አለበት። በረዶውን እንዴት ሳታየው ቀረህ?»

ኧርል ወደ እኔ ተመለከተ። አልተቆጣም። አንድ ንባብ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ያህል አየኝ። እኔ የሻይ ብርጭቆዬን አየሁ።

«አዎ፣ ሳይቱ የእኔ ነው» አለ።

በዚያው ሳምንት አሰናበቱት። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ ጡረታው ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ ምሳ እንኳ ሳይጋበዝ ወጣ። ሌሎች የነፋስ ድርጅቶችም ስሙን ሰምተው ነበርና በኋላ የጠራው የለም። ሳጥኑን እስከ መኪናው ተሸከምኩለት። ካይቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ «ተራራ ላይ ያስፈልግሃል» አለኝ። ያኔ ብናገር ኖሮ ገና አልረፈደም ነበር። አልተናገርኩም።

ማታ ዘይነባ ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ እንደተመለሰች ነገርኳት። የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ኧርልን ፋየር አደረጉት።»

«ውይ! ያን ደግ ሰውዬ? ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ቆይ፣ ያ ዒድ ነው? ኢክራምን ቀሚሷን አልብሰን ሞል የወሰድናት?» አለች።

«እሱ ነው።»

«ነገ ጠዋት ሄደህ ንገራቸው።»

«ሥራዬስ? ሲትዝንሺፕ አፕላይ አድርጌ ኢንተርቪው እየጠበቅሁ? ውሸታም ነው ቢሉኝስ?»

«ውሸታም ነህ እኮ ሰይድ። ሥራ ይገኛል፤ እኔ ደብል እሠራለሁ። የሰው ስም ግን ከየት አምጥተህ ትተካለህ?»

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ሰኞ ስገባ ክሬግ የኧርልን ጠረጴዛ ቁልፍ ሰጠኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ዳግመኛ አላነሳችብኝም። የዒዱን ፎቶ ግን ከግድግዳው አወረደችው። የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሥራ ዘመኔን በአጭሩ ልበል። ብዙ ተራራ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልወጣ ወጣሁ ብዬ አላውቅም። ይህን እንደ ጽድቅ አትቁጠሩልኝ፤ ከረፈደ የመጣ ነው። ካይቱን ግን አንድም ቀን ወደ ሰማይ አልለቀቅሁትም። አሁን ሙያው ተለውጧል። በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ነው። የጎደለውን ቀን ማሽኑ ራሱ ከጎረቤት ቀናት ወስዶ ይሞላዋል፤ ያማረ ስምም አውጥተውለታል። ወጣቶቹ ሲያሳዩኝ የወሎው አለቃዬ ትዝ ይሉኛል። በመጨረሻም ድርጅቱ ምንም ባላጎደለው ሰውዬ ኩራት ተሰማውና መስታወት ሰጠው።

ኧርል ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም፤ ሥራ አለብኝ ብዬ። ከጡረታው ምሳ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ወደ ሴንት ፖል ድራይቭ አደረግሁና የኧርልን ሚስት የዶሪስን በር አንኳኳሁ። አርጅታለች። ቶሎ አወቀችኝ፤ ግን ግባ አላለችኝም።

«ስለ ኧርል አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ቆይ» አለችና ገብታ ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። እርሳሱ በሲባጎው እንደታሰረ ነው። «ከመጣ ስጪው ብሎኝ ነበር። በፖስታ ልላክለት ስለው እንቢ አለ፤ ራሱ ካልመጣ አይሰጠው አለ።»

ገጹ ምልክት ተደርጎበታል። እሱ ያልነበረባቸው ሳምንታት ሁሉ ባዶ መስመር ናቸው፤ ከመሃላቸው አሥራ ዘጠኙን ቀን በልቤ አውቃቸዋለሁ። በጎናቸው በኧርል የእርሳስ ጽሕፈት፣ «እኔ እዚህ አልነበርኩም። ሰይድ ነበረ። እሱን ጠይቁት» ይላል። ያን ስብሰባ ቀን ይህ ደብተር ቦርሳው ውስጥ ነበር። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ሥራውም ስሙም ይተርፉ ነበር። ሊያድነኝ ይሁን ወይም እኔው እስክናገር ሲጠብቅ፣ አላውቅም። አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

«ማንም አልጠየቀህም አይደል?» አለች ዶሪስ።

«ማንም።»

በሩን እንደያዘች ቁልቁል አየችኝ። «እሺ እኔ ልጠይቅህ። እዚያ ነበርክ?»

«አልነበርኩም» አልኩ። «ከሥሩ ነው የተመለስኩት።»

እርሳሱን በጣቷ አመለከተችኝ። ያዝኩትና «ማን አየ» በሚለው ዓምድ፣ በአሥራ ዘጠኙም መስመር ላይ አንድ በአንድ፣ «ማንም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ስሜን ፈረምኩ። ስጨርስ ዶሪስ እጇን ዘረጋችና ደብተሩን ተቀበለችኝ። አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበችውና፣ «አሁን ምስክር አለው፤ እኔ ጋ ይቀመጣል» አለች። ልትሰጠኝ ያወጣችውን ደብተር ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።